መንጣጣቱ ሲያባራ፦ ስለ ህንድ የፊት ዘይቶች ለጠየቃችሁን

በዚህ ዓምድ ስለ ቆዳ አያያዝ መጻፍ ከጀመርን ወዲህ ከጎጃም የሚደርሱን ደብዳቤዎች ወደ አንድ ጉዳይ እያዘነበሉ መጥተዋል፤ አዩርቬዳ በሚባለው የህንድ ባህላዊ ሕክምና መንገድ ከዕፅዋት የሚዘጋጁት የፊት ዘይቶች። በሻንጣ መጥቶላቸው የሚጠይቁ አሉ፣ ቤት ውስጥ ሠርተው የተበላሸባቸው አሉ፣ ፊታቸው የተቃጠለም አሉ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አጣምረን፣ ስም ሳንጠቅስ በየተራ እንመልሳለን።

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛ ልጄን ካረገዝኩ ጀምሮ ጉንጮቼና ግንባሬ ላይ ማድያት ወጣብኝ፣ ወልጄም አልለቀቀኝም። የባለቤቴ እህት ከዱባይ ኩምኩማዲ የሚባል ዘይት አመጣችልኝ። ቀለሙ ብርቱካንማ ነው፣ ሽታው ደስ ይላል። ማድያቱን ያጠፋልኛል? እውነተኛ መሆኑንስ በምን ልወቅ? ጡት እያጠባሁ ነው።

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችዎ። ከሁለተኛው ጥያቄዎ እንነሳ። ኩምኩማ በሳንስክሪት ሳፍሮን ማለት ነው፤ ኩምኩማዲ ደግሞ «ሳፍሮንና ሌሎቹ»። እነዚያ ሌሎቹ ብዙ ናቸው፦ ሰንደል እንጨት፣ ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር፣ ማንጂሽታ የሚባል ቀይ ሥር፣ ቬቲቨር የሚባለው ሣር ሥር፣ የሎተስ አበባ ክር፣ የፍየል ወተት፣ ሌላም። ሁሉም የሚበስለው በሰሊጥ ዘይት ውስጥ ነው።

ስለዚህ የጠርሙሱን ጀርባ ያንብቡ። በዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው በብዛት ያለው ነው። ሴሳመም ኢንዲከም የሚል በመጀመሪያው መስመር ላይ ካለ መሠረቱ ሰሊጥ ነው። ክሮከስ ሳቲቨስ ሳፍሮን ነው። ካርታመስ ቲንክቶሪየስ ተብሎ የተጻፈው ግን ሳፍሮን ሳይሆን የእኛው ሱፍ ነው፤ አበባው ቀይና ቢጫ ስለሆነ በዓለም ገበያ በሳፍሮን ስም ሲሸጥ የኖረ ነው። መጀመሪያው ላይ ሊኩዊድ ፓራፊን ወይም ሚነራል ኦይል (ከነዳጅ የሚጣራ ዘይት) ካለ የያዙት የሽቶ ዘይት ነው፤ ፊት ላይ ጉዳት ባያመጣም የከፈሉበትን ዕፅ አያገኙበትም። ዝርዝር የሌለው ጠርሙስ ከሆነ ፊትዎ ላይ አያድርጉት።

ቀለሙ ግን ምንም አያረጋግጥልዎትም። የሳፍሮንን ቀለም የሚሰጠው ክሮሲን የሚባለው ነገር በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ሳፍሮንን በንጹህ ዘይት ውስጥ ቢዘፈዝፉት ዘይቱ ሽታውን ይወስዳል እንጂ ደምቆ አይቀላም። ብርቱካንማው ከማንጂሽታ ወይም ከእርድ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከፋብሪካ ቀለምም ሊሆን ይችላል። ሳፍሮን ለብቻው ገዝተው ከሆነ ሦስት አራት ክር ለብ ባለ ውሃ ላይ ጣል ያድርጉ። እውነተኛው ቀስ እያለ ውሃውን ቢጫ ያደርገዋል፣ ክሩ ራሱ ግን ቀይ ሆኖ ይቆያል። የተቀባው ወዲያው ቀይ ይለቅና ክሩ ይነጣል።

አሁን ማድያቱ። ዘይቱ ቆዳዎን ያለሰልሳል፣ ድርቀቱን ይቀንሳል፣ የረጠበ ቆዳ ደግሞ ብርሃንን ስለሚመልስ ፊትዎ የፈካ ይመስላል። ሊኮሪስ ውስጥ ያለው ግላብሪዲን የቆዳን ቀለም የሚሠራውን ኢንዛይም የሚያዳክም መሆኑ በላቦራቶሪ ታይቷል። ይሁንና ከማድያት ጋር ያለው ትግል የሚለየው በጠርሙሱ ሳይሆን በፀሐይ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አየሩ ብርድ ስለሆነ ደግሞ ፀሐዩ አይታወቅም። ሌሊት የተቀባ ዘይት ቀን በባዶ ፊት ገበያ ተውሎ የመጣውን አይመልስም። ቢያንስ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ) 30 የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ይቀቡ፤ ለፊትና ለአንገት የሁለት ጣት ርዝመት ያህል፣ ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ እየደገሙ። ለማድያት የቆዳ ቀለም ያለው ሰንስክሪን ይሻላል፤ ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ተራ ሰንስክሪን የማያግደውን የሚታይ ብርሃንም ያግዳልና። ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ አይናቁ። ዘይቱን ለሌሊት ይተዉት፤ ጡትዎና የሕፃኑ ፊት የሚነካበት ቦታ ላይ አይቀቡት።

አንድ ነገር ከልብ እንለምንዎታለን። «በሁለት ሳምንት ያነጣል» የሚል ነገር ከተጨመረበት፣ ዘይትም ይሁን ክሬም፣ ይተዉት። እንዲህ በፍጥነት የሚያነጡት ውስጥ ሜርኩሪ፣ ጠንካራ ስቴሮይድ ወይም ሃይድሮኪኖን ተገኝቶ ያውቃል። ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፣ ሲያቆሙት ፊት ይቀላል፣ ያሳክካል። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳውን መልሶ ያጠቁረዋል፤ ያ ጥቁረት ደግሞ ከማድያቱ ይልቅ ለመልቀቅ አስቸጋሪ ነው።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ እንደምን ከረማችሁ። በሰሊጥ ዘይት እርድና ሊኮሪስ ከወተት ጋር ቀቅዬ ዘይት ሠራሁ። የመጀመሪያው ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ አመጣ። ሁለተኛውን ፈርቼ ግማሽ ሰዓት ብቻ አብስዬ በትኩሱ ጠርሙስ ውስጥ ከደንኩት፤ በሦስተኛው ሳምንት ከላዩ ግራጫ ሻጋታ አበቀለ፣ ኮመጠጠም። ምን ልሥራ?

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱም ጥፋቶች ምንጫቸው አንድ ነው፤ ውሃው መቼ እንዳለቀ አለማወቅ። በመጀመሪያው ውሃው አልቆ እሳቱ ቀጥሏል፤ በሁለተኛው ውሃው ሳያልቅ ወርዷል። የአዩርቬዳ ዘይት አሠራር ሙያ በሙሉ እዚህች ላይ ነውና በሰፊው እንሂድበት።

የጥንቱ መጠን 1 ለ4 ለ16 ነው፦ አንድ እጅ ዕፅ፣ አራት እጅ ዘይት፣ አሥራ ስድስት እጅ ፈሳሽ። ለቤት 25 ግራም ደረቅ የተፈጨ ዕፅ፣ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 400 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። ከዕፁ 23 ግራሙን ሊኮሪስ፣ 2 ግራሙን ብቻ እርድ ያድርጉት፤ እርድ ሲበዛ ፊትም የትራስ ጨርቅም ቢጫ ይሆናል። ሚዛን ከሌለዎት ቅመም የሚሸጡልዎት ይመዝኑልዎታል። ወተቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ይተዉት። የወተቱ ዝቃጭ ታች ተጣብቆ ያራል፤ ካላረረም በዘይቱ ውስጥ የሚቀረው ቅሪት ቶሎ ይኮመጥጣል። በውሃ ጥሩ አድርገው ሲሠሩ፣ ያኔ ከውሃው ሩቡን በፍየል ወተት መተካት ይችላሉ።

ድስቱ ወፍራምና ሰፊ፣ ቢያንስ ሁለት ሊትር የሚይዝ ይሁን፤ መጨረሻ ላይ አረፋው ይነሳልና ትንሽ ድስት ላይ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ይፈሳል። ወጥ የሚሠራበት ሸክላ አይሁን፤ ሽንኩርትና በርበሬ ጠጥቷል፣ ለዘይቱ ይመልሰዋል።

ዕፁን በጥቂት ውሃ እንደ ገንፎ ለውሰው ወደ ዘይቱ ይጨምሩ፣ ቀጥሎ ውሃውን። እሳቱ ዝግ ያለ ይሁን፤ ከሰል ከሆነ አመድ የለበሰ ፍም። ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ለምን እንደማያርር ልብ ይበሉ፦ ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ውሃው ከሚፈላበት ብዙም አያልፍም፤ በፍኖተ ሰላም ከፍታ ይህ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃው ሊያልቅ ሲል ግን ዘይቱን የሚይዘው የለም። ለሁለት ሰዓት ዝም ብሎ የቆየ ድስት በደቂቃዎች ውስጥ ያርራል። የመጀመሪያውን ድስትዎን ያጠቆረው ይህ የመጨረሻው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ቡና ማፍላት ይቻላል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከድስቱ አይለዩ፣ ታቹን ሳያቋርጡ በእንጨት ማንኪያ ያማስሉ።

ምልክቶቹን በጆሮ፣ በዓይንና በጣት ይያዙ። መጀመሪያ ድስቱ ይንጣጣል፣ ይረጫል፣ አረፋው ትልልቅ ነው፣ ዕፁ እንደ ጭቃ ነው። እየቆየ ድምፁ ይሳሳል። ከዚያ ደቃቅ ነጭ አረፋ ላዩን ሲሸፍነው፣ ዕፁ ከማንኪያው ላይ መጣበቁን ሲተው፣ ትንሽ ቆንጥረው ጨልፈው ያቀዝቅዙና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያሽከርክሩት። እንደ ጧፍ ክር ተጠቅልሎ ከጣት ካልተጣበቀ ደርሷል። አሁን ያቺን ክር ፍሙ ላይ ጣል ያድርጓት። ከተንጣጣች ውሃ አለ፣ ይመልሱት። ዝም ብላ ከነደደች ውሃው አልቋል፤ ወዲያው ያውርዱ። ዕፁ ተሰባብሮ እንደ አሸዋ ከሆነና ከጠቆረ አልፎበታል፤ ያ ዘይት ለፊት አይሆንም።

ካወረዱት በኋላ ድስቱ ራሱ ሙቀት ይዟልና አይተዉት፤ ለብ እያለ በንጹህና በደረቀ የጥጥ ጨርቅ፣ ነጠላ ቢሆን በሁለት እጥፍ፣ ያጥሉት። ጨርቁን በኃይል አይጭመቁት፤ ደለሉ አብሮ ይወርዳል። ሳፍሮን ካለዎት አብሮ አይቀቅሉት፣ ሽታው በእንፋሎት ይሄዳል። አሥር ክር አድቅቀው ባዶ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡና ለብ ያለውን ዘይት እላዩ ላይ ያጥሉት፤ በህንድም ሽታ ያላቸውን ነገሮች የሚያደርጓቸው እንዲህ ነው።

ትኩሱን ዘይት መክደን የሁለተኛው ጠርሙስዎ ጥፋት ነው። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል፤ ሻጋታ የሚያድገው በዚያች ጠብታ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ በጨርቅ ብቻ ይሸፍኑት፣ ያሳድሩት፤ በማግስቱ ከላይ የጠራውን ቀስ ብለው ይገልብጡ፣ ከታች የቀረውን አንድ ሁለት ማንኪያ ይድፉት። ጠርሙሱን ቀቅለው፣ ገልብጠው፣ አንድ ቀን ሙሉ ያድርቁት። ቡናማ የሽሮፕ ጠርሙስ ከነጭ ብርጭቆ ይሻላል። የቫይታሚን ኢ ዘይት ካገኙ ለ100 ሚሊ ሊትር ግማሽ ሚሊ ሊትር ይጨምሩ፤ ዘይቱ እንዳይከረፋ ያዘገያል፣ ሻጋታን ግን አይከላከልም። የሻገተውን ደግሞ አጥልሎ ወይም አሙቆ ለማዳን አይሞክሩ።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ እኛ ጋ እንደ ልብ ያለው የኑግ ዘይትና ቅቤ ነው። ሰሊጥ መግዛት ግዴታ ነው? የተልባና የጉሎ ዘይትስ?

መልስ፦ ሰሊጥ በአዩርቬዳ ያለው ቦታ ልዩ ነው። በሳንስክሪት ዘይት «ታይላ» ይባላል፤ ቃሉ የወጣው «ቲላ» ከሚለው፣ ሰሊጥ ማለት ከሆነው ነው። ምክንያቱ የእምነት ብቻ አይደለም። ሰሊጥ ውስጥ ያሉት ሰሳሚንና ሰሳሞል ዘይቱ እንዳይከረፋ ያደርጋሉ፤ ሁለት ሰዓት እሳት ላይ ቆይቶም የሚጸናው ለዚህ ነው። ያልተቆላ ሰሊጥ፣ ሳይሞቅ የተጨመቀ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ይግዙ። ተቆልቶ የተጨመቀው ለምግብ ይጣፍጣል፣ ለፊት ግን ሽታው ዕፁን ይውጠዋል።

ኑግ ህንድም ይበቅላል፣ ለቆዳም መጥፎ አይደለም። ችግሩ ዘይቱ አብዛኛው፣ 70 በመቶና ከዚያም በላይ፣ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል የስብ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ያ ለቆዳ ጥሩ ነው፣ ከአየርና ከሙቀት ጋር ሲገናኝ ግን ቶሎ ይከረፋል። ስለዚህ ኑግን አያብስሉት። ትኩስ የተጨመቀ፣ ያልተቆላ ካገኙ እንዲሁ ለብ አድርገው ለአጭር ጊዜ ይቀቡ፣ ትንሽ ትንሽ እየገዙ። የተልባ ዘይት ከዚህም ይብሳል፤ አየር ላይ እየደረቀ እንደ ቀለም የሚጋገር ዘይት ነውና ፊት ላይ አይሁን። ጉሎ ወፍራም ነው፤ ከመቶ እጅ አሥር እጅ ቢደባለቅ ይበቃል። የኮኮናት ዘይት ብጉር ለሚወጣው ፊት አይመከርም።

ስለ ቅቤ ሁለት ነገር። የተነጠረ የወጥ ቅቤ ኮረሪማ፣ ኮሰረትና በሶብላ ይዟል፤ ለፊት አይነካ። በህንድ ግን ያለ ቅመም የተነጠረውን ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ መቶ ጊዜ እያጠቡ እንደ ክሬም ነጭና ለስላሳ የሚያደርጉበት ዘዴ አለ። ለደረቀና ለተሰነጠቀ ቆዳ ደስ የሚል ነገር ነው። ውሃ ውስጡ ስለሚቀር ግን በጥቂቱ ተሠርቶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ፣ በሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት።

ጥያቄ፣ ከሞጣ፦ ኩምኩማዲ ውስጥ ሰንደል አለ ካላችሁ፣ ከሱቅ የገዛሁትን ሰንደል ወቅጬ ብጨምረው?

መልስ፦ አይጨምሩት፣ እባክዎ። ለጭስ የሚሸጠው ሰንደል ስሙን ከዛፉ ወሰደ እንጂ በአብዛኛው የከሰል ወይም የእንጨት ዱቄት፣ ማጣበቂያና የፋብሪካ ሽቶ ነው። ዘይቱ ሽቶውን በሙሉ ይጠጣዋል፤ ፊት ላይ ሽፍታ ከሚያስነሱት ነገሮች መካከል ሽቶ ግንባር ቀደም ነው። እውነተኛ የሰንደል እንጨት ካላገኙ ከቀመሩ ይተዉት፣ ዘይቱ ያለ እሱም ይሠራል።

ጥያቄ፣ ከቢቸና፦ ጤና አዳም ለሁሉም ይሆናል ሲባል ሰምቼ ጭማቂውን ከሎሚ ጋር ዘይት ውስጥ ጨምሬ ፊቴንና ክንዴን ተቀባሁ፤ እንደተቀባሁም ገበያ ሄድኩ። በማግስቱ አቃጠለኝ፣ በሦስተኛው ቀን ክንዴ ላይ ጣቶቼ የሄዱበት መስመር ሁሉ ውሃ ቋጠረ። አሁን ቡናማ ሰንበር ሆኗል። ዘይቱ መርዝ ነበረበት?

መልስ፦ በጣም አዝነናል፣ ወንድማችን። ዘይቱ አይደለም። ጤና አዳምም ሎሚም ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሏቸው፤ ቆዳ ላይ ሆነው ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ። ወዲያው ሳይሆን በማግስቱ ጀምሮ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን መባሱ፣ ልክ ጣት በሄደበት መስመር መውጣቱ፣ ሁለቱም የዚህ መለያ ናቸው። አለርጂ ሳይሆን የብርሃን ቃጠሎ ነውና ማንንም ሰው ያገኛል።

ቡናማው ሰንበር ከሳምንታት እስከ ወራት ይቆያል፣ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይለቃል። እስከዚያው ከፀሐይ ይሸፍኑት፤ ነጠላው ወይም ረጅም እጅጌው ከማንኛውም ቅባት ይበልጣል። ሊያነጡት ብለው ሌላ ነገር አይቀቡበት። ለሌላ ጊዜ፣ ጭማቂው የነካው ሰው ወዲያው በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፣ ያን ቀንና ማግስቱን ያን ቦታ ፀሐይ አያሳየው፤ ውሃ የቋጠረውን አያፈንዳ፤ ሰፊ ቦታ ከያዘ ወይም ዓይን አካባቢ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጤና አዳም ቡና ላይ ክብሩ የታወቀ ነው። ፀሐይ የሚያየው ቆዳ ላይ ግን አይሁን፣ ሎሚም እንደዚሁ።

ጥያቄ፣ ከእንጅባራ፦ ናልፓማራዲ የሚባለው ዘይት ከዋርካ ዘመዶች ልጥ እንደሚሠራ አነበብኩ። የእኛን ዋርካ ወይም ሾላ ልጥ መጠቀም ይቻላል?

መልስ፦ ናልፓማራዲ በደቡብ ህንድ ባለችው በኬረላ የታወቀ ነው፤ የአራት ፊከስ ዛፎች ልጥና እርድ ይገቡበታል። ዋርካና ሾላ ያው ፊከስ ቢሆኑም ከአራቱ አንዱም አይደሉም፤ ወገን መሆን ብቻውን አንዱን በሌላው ለመተካት አያበቃም። የአንዳንድ ፊከስ ነጭ ወተትም ልክ እንደ ጤና አዳም በፀሐይ ያቃጥላል። ደግሞ አገር የሚጠለልበትን ዋርካ ለአንድ ጠርሙስ ዘይት መላጥ ያሳዝናል። ከአካባቢዎ አንድ እውነተኛ የቀመሩ ዕፅ ከፈለጉ ቬቲቨር አለልዎት፤ ለአፈር ጥበቃ በእርከን ላይ የሚተከለው ሣር ሥሩ ኩምኩማዲ ውስጥ የሚገባው ራሱ ነው። ከጓሮ ጥቂት ሥር ነቅለው፣ አፈሩ እስኪለቅ አጥበው፣ በጥላ አድርቀው ይቀጥቅጡት፤ በላይ ከተጠቀሰው ሊኮሪስ አምስት ግራሙን ይተካል፣ ሽታውም እንደ ዝናብ የነካው መሬት ነው። እርከኑን ግን አይንኩ።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ ተማሪ ነኝ። ግንባሬና የፀጉሬ ዳር ዳር ላይ ደቃቅ ደቃቅ ብጉር ሞልቷል። እናቴ በየሳምንቱ ለጋ ቅቤ ትቀባኛለች። የኒም ዘይት ይሻለኛል? ወንድሜ ደግሞ ደረቱ ላይ ቋቁቻ አለበት፣ በኮኮናት ዘይት ሲያሸው ሰፋበት።

መልስ፦ እናትሽ በፍቅር የምታደርገውን እንድትተው አትንገሪያት። ቅቤው በፀሐይና በሙቀት ቀልጦ ወደ ግንባርሽ ይወርዳል፣ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ብጉሩ በፀጉር ዳር መሰለፉ የዚያ ምልክት ነው። ከፀጉር መስመር ሁለት ጣት ወደ ኋላ ትጀምር፣ ሻሽ አጥብቀሽ እሰሪ፣ በማግስቱ ፀጉርሽንም ግንባርሽንም ታጠቢ። ለሁለት ወር ያህል እንዲህ አድርገሽ እዪው። የኒም ዘይት ቆዳ ያቃጥላልና ሳይበረዝ አይቀባም፤ ግን ብጉር ላይ ዘይት መጨመሩን ራሱን አንመክርም። መታጠቢያ ከፈለግሽ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት በውሃ ለውሰሽ ሳትፈትጊ ታጠቢበት፤ በህንድም ዘይት የሚያነሱት በእሱ ነው። ልብ በይ፣ የሽምብራ ዱቄት እንጂ ሽሮ አይደለም። ሽሮ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት አለው፣ ዓይንሽን ያቃጥለዋል።

የወንድምሽን ዘይት ዛሬውኑ አስቁሚው። ቋቁቻን የሚያመጣው ፈንገስ የሚመገበው የዘይት አሲዶችን ነው፤ እያሸ ሲያበላው ነበር ማለት ነው። ፎረፎር ያለበትም ሰው እንዲሁ ከዘይት ይራቅ። ፋርማሲ ሄዶ ኬቶኮናዞል ሻምፖ ይጠይቅ፣ አጠቃቀሙን እዚያው ያስረዱታል። ፈንገሱ ከሞተ በኋላም ነጣ ያለው ቦታ ወደ ቀለሙ ለመመለስ ወራት ይፈጅበታል፤ አልዳነልኝም ብሎ መድኃኒቱን አይደጋግም።

ጥያቄ፣ ከደጀንና ከዳንግላ፦ ስንት ጠብታ፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል? መጠጣትስ ይቻላል?

መልስ፦ አዲስ ዘይት ሁሉ መጀመሪያ ክንድ ላይ ይሞከር፤ ከክርን መታጠፊያ በታች፣ ጠዋትና ማታ፣ ለሰባት ቀን፣ በአንድ ቦታ። አንድ ቀን መሞከር አይበቃም፤ አለርጂ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ካላሳከከና ካልቀላ ወደ ፊት ይሂዱ። ማታ ፊትን ታጥቦ፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ፣ ከሦስት እስከ አምስት ጠብታ። በመዳፍ አሙቆ መጫን ይበቃል። ወዛም ቆዳ ያለው ሰው ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ አቆይቶ ይታጠበው፤ ደረቅ ቆዳ ያለው ሊያሳድረው ይችላል። ቀን ፀሐይ ላይ የሚወጣ ሰው ዘይትን በሰንስክሪን ምትክ አይቁጠር።

በቤት የተሠራው ከእሳትና ከመስኮት ርቆ በሦስት ወር ውስጥ ይለቅ። ደጀን ቤታችሁ ሙቀት ከበዛበት ከዚያም ያሳጥሩት። በእርጥብ ጣት አይጨለፍ። የከረፋ ዘይት የቆየ የኑግ ጭማቂ ወይም የቤት ቀለም ይሸታል፤ ያን ጊዜ ቆዳ ስለሚያስቆጣ ለፊት አይሁን።

መጠጣት፣ በፍጹም። የፊት ዘይት ለመጠጥ አይሠራም። በአፍ የሚወሰዱትንም ቢሆን ያለ ሐኪም አይንኳቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ከኢንተርኔት ከተገዙ 193 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። የኒም ዘይት ደግሞ ለሕፃናት በአፍ ተሰጥቶ ለሞት ያደረሰበት አጋጣሚ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧልና ጠርሙሱ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ።